ያውቁ ኖሯል? በ7 የሚጀምረው ቁጥር
አሜሪካ ውስጥ የኖረ ሰው የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥሩ ከ700 እስከ 728 ባሉት አሃዞች ከጀመረ፣ ቁጥሩን ያወጣው በባቡር ሠራተኛነቱ ነው። ይህ ልዩ ምድብ የቀረው በ1963 እ.ኤ.አ. ነው። የባቡር ሠራተኞች ጡረታ የሚያዘው ለብቻው በተቋቋመ ቦርድ ስለሆነ ማኅደራቸውም የተዘጋጀው እዚያው ነው። አንዱ ማኅደር ሲገለጥ የልደት ቀን፣ የወላጆች ስም፣ የሠራባቸው ኩባንያዎችና ዓመታት፣ አንዳንዴም በገዛ እጁ የፈረመው ማመልከቻ ይገኝበታል። ዘሩን ለሚቆጥር ሰው ትልቅ ሀብት ነው! ከ1936 እ.ኤ.አ. በፊት ሥራ ያቆሙትን ግን እዚህ መፈለግ ትርፉ ድካም ነው። ከቆዩት ማኅደሮች ብዙዎቹ ዛሬ ያሉት አትላንታ አጠገብ ባለው የብሔራዊ ቤተ መዛግብት ቅርንጫፍ ነው። ፍለጋዎን ከሠራተኛው የሞት ምስክር ወረቀት ይጀምሩ፤ ቁጥሩ ብዙ ጊዜ እዚያ ላይ ሰፍሮ ይገኛል።