ስም አስጠሪው ችሎት፦ «ዘ ክሩሲብል» እንዴት ይጠና?

አሜሪካዊው ጸሐፌ ተውኔት አርተር ሚለር የደረሰውና እ.ኤ.አ. በ1953 በኒው ዮርክ ብሮድዌይ ለመጀመሪያ ጊዜ ለመድረክ የበቃው ባለአራት ገቢር ተውኔት «ዘ ክሩሲብል»፣ ታሪኩን የቀዳው በ1692 በማሳቹሴትስ ቅኝ ግዛት፣ በሳሌም ከተካሄደው የጥንቆላ ክስ ነው። በዚያ ዓመት ፒዩሪታን የሚባሉት፣ ማለትም የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት የላላ መስሏቸው ጥብቅ ሕይወት የመረጡ ፕሮቴስታንቶች፣ ጎረቤቶቻቸውን «ከሰይጣን ጋር ተዋውላችኋል» እያሉ ከሰሱ፤ 19 ሰዎች በስቅላት ሲቀጡ፣ ጋይልስ ኮሪ የተባለ አዛውንት ደግሞ ለክሱ መልስ አልሰጥም በማለቱ ድንጋይ እየተጫነበት ሞተ።

ተውኔቱን የሚያጠና ሰው አስቀድሞ ሊመረምር የሚገባው የችሎቱን አሠራር ነው። ዳኞቹ ከተቀበሏቸው ማስረጃዎች አንዱ «የመንፈስ ማስረጃ» ሲሆን፣ ይህም የተከሳሹ ሥጋ ሌላ ቦታ ሳለ መንፈሱ መጥቶ አሠቃየኝ የሚል፣ ተሠቃየሁ ከሚለው ሰው በቀር ማንም የማያየው ምስክርነት በመሆኑ፣ የሚያስተባብለው ምስክር ከየትም ሊገኝ አይችልም። ጥፋቱን የካደ ለገመድ ሲዳረግ፣ ያመነና ግብረ አበሮቹን የጠቆመ ግን ይተርፍ ስለነበር፣ አንዱ የእምነት ቃል ሌሎች ተከሳሾችን እየወለደ ክሱ ወደ አጎራባች መንደሮች ተዛመተ።

ሚለር ይህን ምርመራ ወደ ቤት ውስጥ ማስገባት ያውቅበታል። በሁለተኛው ገቢር ቄሱ ሄል ገበሬውን ጆን ፕሮክተርን ዐሥርቱን ትእዛዛት እንዲዘረዝር ሲጠይቀው አንዱ ይጠፋበታል፤ ያንን አንዱን፣ አታመንዝር የሚለውን፣ የምታስታውሰው ደግሞ ባሏ ከቀድሞ የቤት ሠራተኛቸው ከአቢጌል ጋር መማገጡን የምታውቀው ሚስቱ ኤልዛቤጥ ናት። በሦስተኛው ገቢር ያቺው ውሸት የማታውቅ ሴት የባሏን ስም ለማዳን ስትል በችሎት ፊት ትዋሻለች፤ ውሸቷም የእሱን እውነት ያፈርስበታል።

ሆኖም ተውኔቱ የታሪክ መዝገብ አይደለም። የእውነተኛዋ አቢጌል ዊልያምስ ዕድሜ 11 ወይም 12 ዓመት፣ የፕሮክተር ደግሞ 60 ገደማ ነበር፤ ሚለር ግን እሷን ወደ 17 አሳድጎ፣ እሱን ወደ ጎልማሳነት መልሶ፣ በመካከላቸው ያልነበረ ግንኙነት ፈጠረ። ፈጠራው ለመድረኩ ኃይል ቢሰጠውም ዋጋ አስከፍሎታል፤ በቅናት የነደደች አንዲት ልጃገረድ የጥፋቱ ሁሉ ምንጭ መስላ ስለምትታይ፣ የጎረቤታሞች የመሬት ክርክር፣ ከአገሬው ነባር ሕዝብ ጋር የተደረገው ጦርነት ያሳደረው ሥጋትና ከሁሉም በላይ የዳኞቹ ኃላፊነት ወደ ኋላ ይሸሻል። ትምህርቱ በአቢጌል ተንኮል ላይ ብቻ ሲያተኩር ዳኛው ዳንፎርዝ በነጻ ይሰናበታል ማለት ነው።

የሚለር ዓይን በገዛ ዘመኑም ላይ ነበር። በወቅቱ አንድ የአሜሪካ ምክር ቤት ኮሚቴ በኮሙኒስትነት የተጠረጠሩትን እየጠራ ሲመረምር፣ ተጠሪው ስለ ራሱ ከመናገር አልፎ የወዳጆቹን ስም እንዲሰጥ ይፈልግ ነበር፤ የሚለር የሥራ ባልደረባ የነበረው ዳይሬክተር ኤልያ ካዛንም በ1952 ስሞችን ጠርቷል። በአራተኛው ገቢር ፕሮክተር ሕይወቱን ለማትረፍ በራሱ ላይ በሐሰት ቢመሰክርም ሌሎችን እንዲጠቁም ሲጠየቅ እምቢ ይላል፤ በመጨረሻም የፈረመውን ወረቀት ቀዶ ወደ መስቀያው ያመራል። ሚለር ራሱ በ1956 በኮሚቴው ፊት ቀርቦ የሌሎችን ስም እንዲናገር ሲጠየቅ አልተናገረም፤ በቀጣዩ ዓመት ምክር ቤቱን በመድፈር ጥፋተኛ ቢባልም፣ ፍርዱ በ1958 በይግባኝ ተሽሯል።