ጨርቁን ሳይዳስስ ማን ይገዛል? የትንሽ ሱቅ ድረ ገጽ ከጀርባው ያለው ሳይንስ

እስቲ ሽሮ ሜዳ የሄዳችሁበትን ቀን አስታውሱ። ቀሚስ ሊገዛ የመጣ ሰው ምን ያደርጋል? ጨርቁን በጣቱ ይዳስሳል፤ ጥለቱን ገልብጦ ያያል፤ ወደ ብርሃን አውጥቶ ቀለሙን ያጣራል። ከዚያ ዋጋ ይጠይቅና "እንዴ! ይሄማ ውድ ነው" ብሎ ክርክሩን ይጀምራል። አሁን ይህንኑ ሱቅ ወደ ድረ ገጽ እናምጣው። ገዢዋ ያለችው ዋሽንግተን ነው፤ በእጇ ያለው ስልክ ብቻ ነው። መዳሰስ የለም፣ መገልበጥ የለም። ታዲያ ምን ተማምና ነው ገንዘቧን የምትልከው?

ጥያቄው የነጋዴ ብቻ ይመስላል እንጂ ለኖቤል ሽልማት ያበቃ ጥያቄ ነው። አሜሪካኖች ከተገዛ በኋላ ጉዱ የሚወጣን መኪና "ሎሚ" ይሉታል። ኢኮኖሚስቱ ጆርጅ አከርሎፍ በ1970 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ የጠየቀው እንዲህ ነው፦ ሻጩ የዕቃውን ጥራት ያውቃል፣ ገዢው ግን አያውቅም፤ እንዲህ ከሆነ ገበያው ምን ይሆናል? ገዢው እንዳይታለል ስለሚፈራ ለሁሉም መካከለኛ ዋጋ ብቻ ይሰጣል። በዚያ ዋጋ ጥሩ ዕቃ ያለው ሰው አይሸጥም፣ ይወጣል። መጥፎው ይቀራል። ይህን ያወቀ ገዢ ደግሞ ዋጋውን የባሰ ያወርዳል። አከርሎፍ በ2001 እ.ኤ.አ. አብረውት ከተሸለሙት አንዱ ማይክል ስፔንስ ሲሆን፣ እሱ ያጠናው መውጫ መንገዱን ነው፦ ለሐቀኛው ርካሽ፣ ለአታላዩ ግን ውድ የሆነ ምልክት ማሳየት።

ይህን ወደ ቀሚሱ ስናመጣው፣ "ጥራቱን የጠበቀ" ብሎ መጻፍ ለማንም ነጻ ስለሆነ ምንም አይነግረንም። "ካልወደዳችሁት መልሱ፣ ገንዘባችሁን እንመልሳለን" ማለት ግን ሌላ ነው። ጥሩ የሚሸምን ሰው የሚመለስበት ጥቂት ነው፤ አታላዩ ይህን ቃል ቢያከብር ይከስራል። የጥለቱን ጀርባ በቅርብ የሚያሳይ ፎቶ፣ ሸማኔው መወርወሪያውን ሲወረውር የሚያሳይ አጭር ቪዲዮ፣ የሚያነሳው ሰው ያለበት ስልክ ቁጥር፣ እነዚህም የጣትን ሥራ በከፊል ይሠራሉ።

ግን ፎቶው እስኪመጣ ማን ይጠብቃል? በስልክ የተነሳ ፎቶ በቀላሉ 3 ሜጋባይት ይሆናል። አንድ ባይት 8 ቢት ስለሆነ ይህ 24 ሜጋቢት ነው። ኔትወርኩ በሰከንድ 2 ሜጋቢት ብቻ የሚያሳልፍ ከሆነ 12 ሰከንድ ይፈጃል፣ ያውም ለአንድ ፎቶ! የድረ ገጽ አጠቃቀም ተመራማሪው ያኮብ ኒልሰን በ1993 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ሦስት ወሰኖችን አስቀምጧል። እስከ 0.1 ሰከንድ ሲሆን ነገሩ ወዲያው የሆነ ይመስለናል፤ እስከ 1 ሰከንድ ሐሳባችን አይቋረጥም፤ 10 ሰከንድ ካለፈ ልባችን ወደ ሌላ ይሄዳል። ያንኑ ፎቶ ወደ 150 ኪሎባይት ብታሳንሱት ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ይደርሳል። በስልክ ስክሪን ላይ ደግሞ ልዩነቱ እምብዛም አይታይም።

አሁን እኛን ብቻ ወደሚያስቸግር ጉዳይ። "ሀበሻ ቀሚስ" እንዴት ነው የምትጽፉት? በሀ? በሐ? ለጆሯችን ሀ፣ ሐ እና ኀ አንድ ናቸው። ለኮምፒውተር ግን ፊደል ማለት ቁጥር ነው፤ በዩኒኮድ ሀ 4608፣ ሐ 4624፣ ኀ 4736 ነው። ፕሮግራሙ እንዲያመሳስላቸው ካልተነገረው በቀር፣ ገጹ ላይ "ሀበሻ" ብላችሁ ጽፋችሁ ደንበኛዋ በመፈለጊያው ሳጥን "ሐበሻ" ብትል "አልተገኘም" ይላታል። ቀሚሱ እዚያው ቁጭ ብሎ! ውጭ አገር ተወልደው ያደጉት ደግሞ ብዙዎቹ በላቲን ፊደል ነው የሚጽፉት። ስለዚህ ሁሉንም አጻጻፍ የዕቃው መግለጫ ውስጥ ማስገባት የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። ጽሑፉን ፎቶ ላይ አትሞ መለጠፍ ግን አይመከርም፤ ብዙ የመፈለጊያ ሳጥን ፎቶ አያነብም።

መጥታ አንዴ ገዛች እንበል። ትመለሳለች? እዚህ ላይ ትንሽ ሒሳብ። ከገዙት ሰዎች ግማሾቹ ብቻ እየተመለሱ የሚገዙ ከሆነ፣ የአንድ ሰው አማካይ ግዢ 1 + 0.5 + 0.25 + … እያለ 2 ላይ ይደርሳል። ከአሥሩ ስምንቱ የሚመለሱ ከሆነ ግን 1 + 0.8 + 0.64 + … 5 ይሆናል። አንድም አዲስ ሰው ሳይመጣ ሽያጩ ከእጥፍ በላይ አደገ። እኔ በበኩሌ ብዙ ትንንሽ ሱቆች ለማስታወቂያ ከሚያወጡት ገንዘብ ትንሹን ለዚህ ቢያውሉ ይሻላቸው ነበር እላለሁ።

የመመለስ ምስጢር አዲስ አይደለም። አንትሮፖሎጂስቱ ክሊፎርድ ጊርትዝ የሞሮኮዋን ሴፍሩ ገበያ አጥንቶ በ1978 እ.ኤ.አ. እንደጻፈው፣ መረጃ እንደልብ በማይገኝበት ገበያ ሰዎች ሁልጊዜ አዲስ ሻጭ ከማሰስ ይልቅ ከሚያውቁት ጋር ይጣበቃሉ። መርካቶም እንዲሁ ነው፤ ሻጩም ገዢውም እርስ በርስ "ደንበኛዬ" ይባባላሉ። ድረ ገጽም ይህን ማድረግ ይችላል፦ የደንበኛዋን ልክ መዝግቦ መያዝ፣ ባለፈው የወሰደችውን ጥለት ማስታወስ። ይህ ግን በፈቃዷ ይሁን፤ ሳይጠየቁ የተመዘገቡበትን ሱቅ ማን ይወዳል?

ትልልቆቹ ኩባንያዎች ሁለት ዓይነት ገጽ ለተለያዩ ሰዎች አሳይተው የተሻለውን ይመርጣሉ። ለትንሽ ሱቅ ይህ ወጥመድ ነው። አንዱን ገጽ ካዩ 100 ሰዎች 7፣ ሌላውን ካዩ 100 ሰዎች 10 ቢገዙ፣ ልዩነቱ ሳንቲም ወርውሮ እንደሚመጣው ዓይነት አጋጣሚ ሊሆን ይችላል። ከዚያ ይልቅ አሥር ደንበኞች ጋ ደውሎ "ምን አስቸገረሽ?" ማለት የበለጠ ያስተምራል።

አብዛኛውን ጊዜ መልሱ ከቀለምና ከፎቶ ይልቅ ቀን ሊሆን ይችላል። ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ አይደል የሚባለው? ሽመናና ስፌቱ ሦስት ሳምንት፣ መንገዱ ሁለት ሳምንት ቢወስድ፣ ከጥር 11 ወደኋላ 35 ቀን ስንቆጥር ታኅሣሥ 6 ላይ እንደርሳለን። ይህ ቀን ገጹ አናት ላይ በትልቁ ይጻፍ። ታኅሣሥ 7 ለመጣችው ደግሞ ገንዘቧን ከመቀበል በፊት "ለጥምቀት አይደርስልሽም፣ ለፋሲካ ይሁንልሽ?" የሚል መልእክት ይታያት።