ቀኑ የጠፋ፣ ርዕሱ የተበጠሰ ኢሜይል እንዴት ይጠገናል?

አንድ መሥሪያ ቤት የአሥር ዓመት ኢሜይሉን ከአሮጌ ሰርቨር ወደ አዲስ አዛወረ እንበል። በማግስቱ ሠራተኞቹ ሳጥናቸውን ሲከፍቱ ደብዳቤው ሁሉ በቦታው አለ። ነገር ግን የአምናውም የዛሬ አሥር ዓመቱም ብዙ ደብዳቤ የቀን መስመሩ ስለጠፋ ትናንት የመጣ ይመስላል። በአማርኛ ተጽፈው የነበሩ አንዳንድ ርዕሶችም ጫፋቸው ተበጥሶ በጥያቄ ምልክት ተተክቷል። የደብዳቤው ሐተታ ግን አንድ ፊደል አልጎደለውም። የታመመው ራስጌው ብቻ ነው።

ራስጌ ላኪ፣ ተቀባይ፣ ቀንና ርዕስ የሚሰፍሩበት የኢሜይል የላይኛው ክፍል ነው። አንባቢ የማያያቸው መስመሮችም አሉበት፤ ደብዳቤው ያለፈበት እያንዳንዱ ሰርቨር መቼ እንደተቀበለው የሚመዘግብበት መስመር ከላይ ይጨምራል። ሬይ ቶምሊንሰን በኔትወርክ የመጀመሪያውን ኢሜይል የላከው በ1971 እ.ኤ.አ. ነበር። ከ11 ዓመት በኋላ፣ በ1982፣ ዴቪድ ክሮከር ያዘጋጀው አርኤፍሲ 822 የተባለ ሰነድ የራስጌውን አጻጻፍ ደነገገ፤ በ2008 የወጣው አርኤፍሲ 5322ም መሠረቱን አልለወጠም። ደንቡ አጭር ነው። በመስመሩ መጀመሪያ ስም፣ ቀጥሎ ሁለት ነጥብ፣ ከዚያ መረጃው ይጻፋል። በክፍት ቦታ የሚጀምር መስመር የበላዩ መስመር ቀጣይ ነው። ራስጌው ሲያልቅ አንድ ባዶ መስመር ይገባል፤ ከእሷ በታች ያለው ሁሉ ሐተታ ነው።

ይህ ሁሉ ተራ ጽሑፍ በመሆኑ ለጥገናው ውድ ሶፍትዌር አያስፈልግም። በሊኑክስ ኮምፒውተር ላይ የሚሠራ ሸል ስክሪፕት፣ ማለትም በአንድ ፋይል ላይ በተርታ የተጻፉ ትእዛዞች፣ ይበቃል። ስክሪፕቱ የሚጠራቸው ሴድና አውክ የተባሉት መሣሪያዎች በ1970ዎቹ በቤል ላብስ የተሠሩ ሲሆኑ እስከ ዛሬ ከአገልግሎት አልወጡም። ፕሮክሜይል ከተባለው የኢሜይል ማከፋፈያ ፕሮግራም ጋር የመጣው ፎርሜይል ደግሞ ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ነው፦ በአንድ ትልቅ ፋይል የታጨቁ ደብዳቤዎችን አንድ በአንድ እየነጠለ ለስክሪፕቱ ያቀብላል፣ የራስጌ መስመርም ይጨምራል፣ ይተካል፣ ያነሣል።

የጠፋው ቀን የሚገኘው ከሰርቨሮቹ ምዝገባ ነው። እያንዳንዱ ሰርቨር የራሱን ከላይ ስለሚደርብ የታችኛው ምዝገባ የመጀመሪያው ነው፤ በመስመሩ መጨረሻ ቀኑ፣ ሰዓቱና የሰዓት ቀጠናው ተጽፏል፤ ለኢትዮጵያ +0300። ስክሪፕቱ ይህን ወስዶ የቀን መስመር በሌለው ደብዳቤ ላይ ያስገባል። ደብዳቤው ከተላከበት ቅጽበት አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ሰከንድ ቢለይ ነው።

የአማርኛው ርዕስ የበለጠ ጥንቃቄ ይጠይቃል። የጥንቱ ደንብ የሚያውቀው የእንግሊዝኛን ፊደላት ብቻ ስለነበር በ1992 ሌሎች ቋንቋዎች በእነዚያው ፊደላት ተመስጥረው የሚጓዙበት መንገድ ተበጀ። የግዕዝ ፊደል በ1999 የዓለም ፊደላት መለያ ሥርዓት በሆነው ዩኒኮድ ውስጥ ሲገባ የዚሁ መንገድ ተጠቃሚ ሆነ። ዩኒኮድ ወደ ባይት በሚቀየርበት ዩቲኤፍ 8 አንዱ ፊደላችን 3 ባይት ይይዛል፤ ሲመሰጠር 4 የላቲን ምልክት ይሆናል። ስለዚህ «ሰላም» በራስጌው ውስጥ 12 ምልክት ነው፤ ሦስቱም ፊደሎች በቁጥር 4 እና በዋይ ይጀምራሉ። ጥሬውን ራስጌ የሚመለከት ሰው ይህ ጥንድ ሲደጋገም ካየ አማርኛ ሳይሆን እንደማይቀር መገመት ይችላል።

አንድ የተመሰጠረ ቁራጭ ከ75 ምልክት መብለጥ የለበትም። መክፈቻና መዝጊያው 12ቱን ስለሚወስድ የሚተርፈው ለ15 የአማርኛ ፊደላት ይበቃል። ከዚያ የረዘመ ርዕስ መከፈል አለበት፤ ጉዳቱም የሚደርሰው እዚህ ላይ ነው። በግዴለሽነት የተሠራ ፕሮግራም ፊደሉን ከ3 ባይቱ መሃል ይቆርጠዋል፤ አንደኛው ባይት በዚህ ቁራጭ፣ ሁለቱ በሚቀጥለው ይቀራሉ፣ ለየብቻቸው ሲነበቡም ምንም ፊደል አይሆኑም። ፈውሱ ሁሉንም ቁራጮች ወደ ባይት መልሶ መጀመሪያ ማገጣጠም፣ ከዚያ በፊደላት መካከል ብቻ እየከፈሉ እንደገና መመስጠር ነው። በመላኪያው ስህተት ለዓመታት ሳይነበብ የኖረ ርዕስ በዚህ መንገድ ሙሉ ሆኖ ሲመለስ ማየት ድካሙን ያስረሳል።

ስክሪፕቱ ራሱ የሚያጠፋበት ጊዜም አለ። በዊንዶውስ ኮምፒውተር ያለፈ ፋይል በየመስመሩ ጫፍ የማይታይ ተጨማሪ ምልክት ሊይዝ ይችላል። ያን ጊዜ ባዶዋ መስመር ለዓይን ባዶ ትሁን እንጂ ለስክሪፕቱ ባዶ አይደለችም። ስለዚህ ራስጌው ያለቀበትን ሳያውቅ ወደ ሐተታው ይዘልቃል፤ በእንግሊዝኛ «Date:» ብሎ የሚጀምር የስብሰባ ቃለ ጉባኤ ቢያገኝ ያንንም ሊያርም ይነሣል። ጠንቃቃ ባለሙያ በመጀመሪያ ያን ምልክት የሚያነሣው ለዚህ ነው።

የማይነኩ መስመሮችም አሉ። የሰርቨሮቹ ምዝገባ ደብዳቤው የተጓዘበትን መንገድ የሚመሰክር ማስረጃ ስለሆነ አይነካም። ዲኪም የተባለው ዲጂታል ፊርማም ብዙውን ጊዜ ላኪን፣ ቀንንና ርዕስን ስለሚሸፍን ከእነዚህ አንዱ ከታረመ ፊርማው ይፈርሳል። ስለዚህ ጥገናው የሚካሄደው በቅጂ ላይ ነው፤ ዋናው ፋይል ሳይነካ ይቀመጣል። ሥራው ሲያልቅ ስክሪፕቱ የእያንዳንዱን ደብዳቤ ሐተታ፣ ያ የማይታይ የመስመር ጫፍ ምልክት ሳይቆጠር፣ የጽሑፍን አሻራ በሚያወጣው ሻ 256 ስሌት ከዋናው ጋር ያመሳክራል፤ በአንድ ፊደል እንኳ የተለየ ደብዳቤ ከተገኘ ወደ አዲሱ ሰርቨር አይገባም፣ ተነጥሎ በሰው ዓይን ይታያል።