ከአገር ቤት ሰንጠረዥ እስከ ዓለም አደባባይ



አንድ የክፍል ጓደኛዬ ቼዝ ስንጫወት ሦስት ጊዜ ተከታትሎ ከተሸነፈ በኋላ፣ «ይህ የፈረንጅ ጨዋታ ነው፤ መጽሐፉን ከልጅነቱ ያላጠና ሰው አይዘልቅበትም» አለኝ። ያን ጊዜ መልስ አልሰጠሁትም። ነገር ግን አባባሉ ከልቤ ስላልወጣ ስለ ጨዋታው ታሪክ ማንበብ ጀመርሁ። ከዚህ በታች የምጽፈው የዘገየ መልሴ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ነገር፣ ቼዝ የፈረንጅ ብቻ አይደለም። ምንጩ ሕንድ አገር ሲሆን፣ በ6ኛው መቶ ዓመት ገደማ በዚያ «ቻቱራንጋ» ይባል ነበር። ከዚያ ወደ ፋርስ፣ ከፋርስም ወደ ዐረቦች ተሻገረ፤ ዐረቦችም «ሸጥረንጅ» አሉት። የእኛም «ሰንጠረዥ» የሚለው ስም ከዚሁ የመጣ ነው። እንግዲህ ጨዋታው አውሮፓን ሳይዞር በሌላ በር ቤታችን ገብቶ ኖሮአል ማለት ነው።

የአባቶቻችን ሰንጠረዥ የራሱ ሕግ ነበረው። ጨዋታው ሲጀመር ሁለቱ ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ፣ እየተሽቀዳደሙ ሠራዊታቸውን ያሰልፋሉ፤ ይህም «ወረራ» ይባላል። ተራ በተራ መጫወት የሚጀመረው አንዱ የሌላውን ሲበላ ነው።

አሁን ጓደኛዬ እንዲያውቀው ወደምፈልገው ሰው ልምጣ። ስሙ ሚር ሱልጣን ካን ይባላል። በፑንጃብ ተወልዶ ያደገ ሲሆን፣ በመጀመሪያ የተማረው የአገሩን ሰንጠረዥ ነበር። በዚያ ሕግ ወታደር በመጀመሪያ እርምጃው ሁለት ቤት አይሄድም፤ ንጉሥ ግን አንድ ጊዜ እንደ ፈረስ መዝለል ይፈቀድለታል። የአውሮፓን ሕግ የተማረው ከዚህ በኋላ ነው። ይህም ሆኖ በ1928 የመላው ሕንድ ሻምፒዮን ሆነ። በ1929 ሰር ዑመር ሐያት ካን ወደ ሎንዶን ይዘውት ሄዱ፤ በዚያው ዓመት የብሪታንያን ሻምፒዮና አሸነፈ። በ1932 እና በ1933ም ድሉን ደገመው።

ተቀናቃኞቹ የጨዋታውን አጀማመር ከመጽሐፍ ያጠኑ ስለነበሩ በመነሻው ላይ ይበልጡት ነበር። እርሱ ግን በትዕግሥት ቆይቶ በመጨረሻው ይረታቸዋል። በ1930 መጨረሻ በተጀመረው የሄስቲንግስ ውድድር፣ ከ1921 እስከ 1927 የዓለም ሻምፒዮን የነበረውን ኩባዊውን ካፓብላንካን ከ60 እርምጃ በላይ በፈጀ ጨዋታ አሸነፈው። በ1931ም በፕራግ በጊዜው የዓለም ሻምፒዮን ከነበረው ከአሌኺን ጋር አቻ ወጣ።

ሱልጣን ካን በ1933 መጨረሻ ወደ አገሩ ተመለሰና ከታላላቅ ውድድሮች ራቀ። የዓለም ቼዝ ፌዴሬሽን በ1950 የታላቅ ሊቅነትን ማዕርግ ለመጀመሪያ ጊዜ ለ27 ተጫዋቾች ሲሰጥ፣ እርሱ በሕይወት ነበረ፤ ስሙ ግን አልተጠራም። በ1966 በፓኪስታን ዐረፈ። የክብር ማዕርጉ የተሰጠው በየካቲት 2024 ነው። ከሞተ 57 ዓመት ካለፈ በኋላ መሆኑ ነው።

በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር የሕንዱ ተወላጅ ጉኬሽ በሲንጋፖር ቻይናዊውን ዲንግ ሊረንን 7½ ለ6½ አሸንፎ፣ በ18 ዓመቱ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ቀድሞ ካስፓሮቭ ይህን ክብር ያገኘው በ1985 በ22 ዓመቱ ነበር። ጉኬሽ እንግዲህ ዕድሜው ከእኛ እምብዛም አይርቅም።

መጽሐፍ አይጠቅምም ማለቴ አይደለም፤ ሱልጣን ካንም በጨዋታው መነሻ ላይ የጎደለው እርሱ ነበር። ነገር ግን ከአገር ቤት ይዞት የመጣው ዕውቀት መንገዱን አልዘጋበትም፤ እንዲያውም መነሻው ሆነለት።

እኛስ? የወረራን ሥርዓት በዐይናቸው ያዩ ሽማግሎች ከቀን ወደ ቀን እያነሱ ነው። ስለዚህ ጓደኞቼ ሆይ፣ አያት ያላችሁ ጠይቁ፤ የነገሯችሁንም በደብተራችሁ ጻፉ። ወላጆችም የምታውቁትን አትንፈጉን። ምስጋናው ለሱልጣን ካን እንደ ደረሰው ከመቃብር በኋላ ከሚደርስ፣ ባለቤቱ ሳለ ቢሰማው ይሻላል። ጓደኛዬንም ለአራተኛ ጨዋታ እጠብቀዋለሁ።