አቆስጣን መቀነስ ዓሣን ይመልሳልን?

እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1992 የካናዳ መንግሥት ከኒውፋውንድላንድ ደሴት ምሥራቅ በሚገኘው ባሕር ኮድ የተባለውን ዓሣ ለንግድ ማሥገርን አገደ። ወደ 30,000 የሚጠጉ ሰዎች ሥራ አጡ። ዋናው ጥፋት ከልክ ያለፈ ማሥገር እንደነበር ብዙም አያከራክርም። ይሁን እንጂ መረቡ ከተሰበሰበ በኋላም ዓሣው ለዓመታት አላንሰራራም፤ የብዙ አሥጋሪዎች ጣትም በውጭው አጠራር «ሲል» ወደሚባለው የባሕር አጥቢ እንስሳ፣ ወደ አቆስጣ፣ ዞረ። አቆስጣው ቢቀነስ ዓሣው አይመለስምን?

ጥያቄው ለሒሳብና ለፊዚክስ ሰዎች እንግዳ አይደለም። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን በአድሪያቲክ ባሕር ማሥገር ሲቀዛቀዝ፣ ወደ ገበያ ከሚመጣው ዓሣ የአዳኞቹ ድርሻ ከፍ ማለቱን የሥነ ሕይወት ተመራማሪው ኡምቤርቶ ዳንኮና አስተዋለ። ቪቶ ቮልቴራ በ1926 ነገሩን በሁለት ቀመሮች ገለጸው፤ አንዱ ለበይው፣ ሌላው ለተበይው። በይው ሲታደን ተበይው ይበዛል። ቀመሩ ውብ ነው፤ ባሕሩ ግን የሁለት ፍጡራን ብቻ ቤት አይደለም። አቆስጣ ሄሪንግ የተባለውንም ዓሣ ይበላል፤ ሄሪንግ ደግሞ የኮድን እንቁላልና እጭ ይበላል።

እስቲ ሁለት ጎረቤት ባሕሮችን እናነጻጽር። በ2014 የታተመ ጥናት እንዳመለከተው፣ የኒውፋውንድላንድ ኮድ መጠን የሚከተለው የማሥገርን ብዛትና ኬፕሊን የተባለውን ትንሽ ዓሣ፣ ማለትም የኮድን ቀለብ፣ እንጂ የአቆስጣን ቁጥር አይደለም። ኬፕሊን በ1990ዎቹ መጀመሪያ ክፉኛ አሽቆልቁሎ ነበር። ኮድ ከ2000ዎቹ አጋማሽ በኋላ ማንሰራራት ሲጀምር አቆስጣው በሚሊዮኖች ይቆጠር ነበር፤ እገዳውም በ2024 ተነሣ።

በደቡባዊው የቅዱስ ሎውረንስ ባሕረ ሰላጤ ግን ነገሩ ሌላ ነው። በካናዳ ውኃ ግራጫው አቆስጣ ከ1960ዎቹ ወዲህ ከአሥር ሺዎች ወደ መቶ ሺዎች አድጓል። በኮድ ላይ ያነጣጠረው ማሥገር በ2009 ቢዘጋም፣ ጎልማሳው ዓሣ ያለ ዕድሜው ያልቃል፤ ዋናው ተጠርጣሪም አቆስጣ ነው። ምክንያቱ በቀላል ስሌት ይታያል። አቆስጣ ሌላ ምግብ ስላለው ኮድ ሲመነምን እርሱ አብሮ አይመነምንም። በዓመት 10 ኮድ የሚበላ መንጋ ከ100 ዓሣ አንድ አሥረኛውን፣ ከ20 ግን ግማሹን ይወስዳል። በፊዚክስ ቋንቋ ዓሣው ጉድጓድ ውስጥ እንደወደቀች ኳስ ሆኗል፤ ኳሷ በጥቂቱ ብትገፋ ተመልሳ ትወርዳለች። ስለዚህ በዚህ ስፍራ ጥቂት ሺህ አቆስጣ መግደል ከንቱ ደም ማፍሰስ ይመስለናል። የካናዳ ሴኔት ኮሚቴ በ2012 በአራት ዓመት ውስጥ 70,000 ግራጫ አቆስጣ እንዲገደል ሐሳብ አቅርቦ ነበር፤ ሐሳቡ ሥራ ላይ አልዋለም። እንዲህ ያለ እርምጃ የሚወሰድ ከሆነ ግን አቆስጣው ያልተነካበት የማነጻጸሪያ ባሕር አብሮ መጠናት አለበት፤ አለዚያ ዓሣው ቢመለስ እንኳ የመለሰው አደኑ ይሁን የውኃው ሙቀት መለወጥ ለይቶ ማወቅ አይቻልም።