የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ከሕንፃው ውጭ የሚሰጠው አገልግሎት፤ ለዓለም ከተማና ለአካባቢዋ ነዋሪዎች

ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1870 ዓ.ም. በመርሐቤቴ ተወለዱ። በ1904 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የሚገኙትን በግዕዝና በአማርኛ የተጻፉ መጻሕፍት ዝርዝር በአዲስ አበባ አሳተሙ፤ በ1920 ዓ.ም. ደግሞ እንደገና አወጡት። አንባቢው የትኛው መጽሐፍ እንዳለ ይወቅ ዘንድ የተደረገ ድካም ነበር። ይሁን እንጂ መጽሐፍ መኖሩን ማወቅና መጽሐፉን በእጅ መያዝ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በእርሳቸው የትውልድ አካባቢ ከከተማ ርቆ በሚገኝ ቀበሌ ለሚማር ልጅ ይህ ልዩነት ዛሬም አልጠበበም።

የመርሐቤቴ ወረዳ ዋና ከተማ የሆነችው ዓለም ከተማ የምትገኘው የጀማና የወንጪት ወንዞች ሸለቆዎች በከፋፈሉት ደጋ ላይ ነው። በካርታ ላይ ቅርብ ለቅርብ የሚታዩ ሁለት ቀበሌዎች በእግር ሲኬድ ቁልቁለትና አቀበት ይለያያቸዋል። ስለዚህ በከተማ ውስጥ በሥራ ሰዓት ብቻ የሚከፈት የንባብ ክፍል፣ ምንም ያህል በመጻሕፍት ቢሞላ፣ የሚጠቅመው በአቅራቢያው ለሚኖረው ነው። የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ወደ ነዋሪው የሚወጣበት አሠራር የተደራሽነት አገልግሎት ይባላል። ዩኔስኮና ዓለም አቀፉ የቤተ መጻሕፍት ማኅበራት ፌዴሬሽን በ2022 እ.ኤ.አ. ባሻሻሉት የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት መግለጫ መሠረት፣ አገልግሎቱ በመርሕ ደረጃ ያለ ክፍያ ለሁሉም እኩል ሊሰጥ ይገባል፤ መደበኛውን አገልግሎት መጠቀም ለማይችሉ፣ ለምሳሌ ለአካል ጉዳተኞች፣ በሆስፒታል ለተኙና በማረሚያ ቤት ላሉ ሰዎች ደግሞ ልዩ ዝግጅት ያስፈልጋል። በዓለም ከተማ እናት ሆስፒታል ታማሚ የሚያስታምም ሰው ቀኑን የሚገፋበት አንድ መጽሐፍ ቢያገኝ የዚህ መርሕ አፈጻጸም ነው።

ከተደራሽነት አሠራሮች ሁሉ ቀላሉና አነስተኛ ወጪ የሚጠይቀው ተዘዋዋሪ የመጻሕፍት ሣጥን ነው። ቤተ መጻሕፍቱ ከስብስቡ መርጦ በአንድ ሣጥን የሚሞላቸውን መጻሕፍት በሁለት ቅጂ ይዘረዝራል፤ አንዱ ቅጂ በቤተ መጻሕፍቱ ይቀራል፣ ሁለተኛው ከሣጥኑ ጋር ይሄዳል። በቀበሌው ትምህርት ቤት አንድ መምህር ፈርሞ ይረከባል፤ የትምህርት ወቅቱ ሲያበቃ ሣጥኑ ተቆጥሮ ይመለሳል፣ ሌላ ሣጥንም ይተካል። ብዙ ጊዜ ሥራው የሚሰናከለው በመጻሕፍት እጥረት ሳይሆን በርክክቡ ላይ ነው። መጽሐፍ ይጠፋብኛል፣ በዕዳም እጠየቃለሁ ብሎ የሚሰጋ ተረካቢ ሣጥኑን ቆልፎ ያስቀምጠዋል። ለልጆች የተላከ መጽሐፍ ሲነበብ ማርጀቱ የሚጠበቅ ስለሆነ፣ በንባብ የተቀደደውና በቸልተኝነት የጠፋው በርክክቡ ሰነድ ላይ ተለይተው መመዝገብ አለባቸው።

ሣጥኑ በምን ይጓጓዛል ለሚለው ጥያቄ ሀገራችን ከዚህ ቀደም መልስ ሰጥታበታለች። በአቶ ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ የተመሠረተው ኢትዮጵያ ሪድስ የተባለው ድርጅት በሐዋሳ በአህያ የሚሳብ ተንቀሳቃሽ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት አቋቁሞ ልጆች በሰፈራቸው እንዲያነቡ አድርጓል። ጋሪ ለሐዋሳ ሜዳ ይመቻል፤ ለጀማ ቁልቁለት ግን አይሆንም፤ በዚያ መንገድ መጽሐፍም እንደ እህሉ በጭነት ከብት ጀርባ ይሄዳል።

አገልግሎቱ ለተማሪዎች ብቻ የተወሰነ አይደለም። ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. በተጀመረውና በሂደት በ15 ቋንቋዎች በተካሄደው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ፊደል የቆጠሩ ብዙ የገጠር ነዋሪዎች፣ ከዚያ በኋላ የሚነበብ ነገር በማጣት የተማሩትን ረስተዋል። ንባብ ካልተሠራበት ይጠፋል። ለእነዚህ ነዋሪዎች ስለ ሰብል፣ ስለ ከብት ጤናና ስለ እናቶች ጤና በትልልቅ ፊደላት የተጻፉ አጫጭር ጽሑፎች ይጠቅማሉ። ፈጽሞ ማንበብ ለማይችሉት ደግሞ በገበያ ቀን ወይም ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ ጮክ ብሎ የማንበብ መርሐ ግብር ሊዘጋጅ ይችላል፤ በቀበሌው ያለ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ለዚህ ሥራ ብቁ ነው።

ማየት የተሳናቸውን ነዋሪዎች በተመለከተ፣ ኢትዮጵያ የማራካሽ ስምምነት አባል ሀገር ናት። ስምምነቱ የታተሙ ሥራዎች በብሬል፣ በድምፅ ወይም በሌላ ተደራሽ መንገድ እንዲዘጋጁ የቅጂ መብት ገደቦችን ያላላል። ስለሆነም ማየት የተሳነው ተገልጋይ የድምፅ ቅጂ እንዲፈለግለት መጠየቁ ውለታ መለመን ተደርጎ ሊታይ አይገባም።

ከዓመቱ ቀናት መካከል ለንባብ ዝግጅቶች የሚያመቹት አስቀድመው ይታወቃሉ። የዓለም የመሠረተ ትምህርት ቀን ጳጉሜን 3፣ የዓለም የመጻሕፍትና የቅጂ መብት ቀን ደግሞ ሚያዝያ 15 ይውላሉ። ለመርሐቤቴ ግን ከሁለቱም የሚቀርብ በዓል አለ፤ በ2020 ዓ.ም. ብላቴን ጌታ ኅሩይ የተወለዱበት 150ኛ ዓመት ይሞላል። መጻሕፍታቸው፣ በተለይ «ወዳጄ ልቤ» እና «አዲስ ዓለም»፣ እስከዚያ ድረስ በየትምህርት ቤቱ ሣጥን ውስጥ ቢገቡ ዝግጅቱ ከንግግር ያለፈ ይሆናል። በቀበሌያቸው የንባብ ዝግጅት እንዲካሄድ የሚፈልጉ ነዋሪዎች ቀኑ ከመድረሱ አስቀድመው ቢያሳውቁ አንባቢም መጽሐፍም ለማዘጋጀት ጊዜ ይገኛል።

መጻሕፍት ለመለገስ የሚያስቡ በሀገር ውስጥና በውጭ የሚኖሩ የአካባቢው ተወላጆች፣ ከመላካቸው በፊት ቤተ መጻሕፍቱ ምን እንደጎደለው ቢጠይቁ መልካም ነው። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ መተግበር በመጀመሩ፣ ከዚያ በፊት የታተሙ የመማሪያ መጻሕፍት ለክፍል ትምህርት በቀጥታ አያገለግሉም። በአማርኛ የተጻፉ የልጆች መጻሕፍትና መዝገበ ቃላት ግን አያረጁም።

የብራና መጻሕፍት ጉዳይ ከዚህ የተለየ ነው። በቤት ወይም በደብር የሚገኝ ብራና በአዋጅ ቁጥር 209/1992 ጥበቃ የሚደረግለት ቅርስ ስለሆነ፣ በተዘዋዋሪ ሣጥን ሊገባ ወይም ለማያውቁት ሰው በአደራ ሊሰጥ አይገባም። ይዘቱ እንዲታወቅና እንዲጠበቅ ከተፈለገ መንገዱ ማስመዝገብና ባለበት ፎቶግራፍ ማስነሳት ነው። ከ1966 ዓ.ም. ጀምሮ በሸዋና በሌሎች አካባቢዎች አብያተ ክርስቲያናትና ገዳማት የነበሩ በሺዎች የሚቆጠሩ ብራናዎች በማይክሮፊልም ተነሥተዋል፤ ፊልሙም ለምርምር ውሏል።

ተዘዋዋሪ ሣጥን፣ የንባብ ዝግጅት ወይም ለማየት የተሳነው ሰው የሚሆን ቅጂ የሚፈልግ ትምህርት ቤት፣ ዕድር ወይም ግለሰብ ጥያቄውን ለቤተ መጻሕፍቱ ወይም ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ ሊያቀርብ ይችላል። በጥያቄው ላይ የቀበሌው ስም፣ የአንባቢዎቹ ብዛትና ዕድሜ፣ መጻሕፍቱ የሚቀመጡበት ቦታ እንዲሁም ፈርሞ የሚረከበው ሰው ማንነት ቢገለጽ ውሳኔው ይፋጠናል። መጻፍ የማይችል ጠያቂ ጥያቄውን በቃል አቅርቦ በሠራተኛው ሊያስጽፍ ይችላል።