ሳህን እየቆጠሩ ሱሺ መብላት

በጃፓን አገር በሰፈር ውስጥ ካለ ሱሺ ቤት የገባ ኪሱ የሳሳ ሰው፥ አስቀድሞ ዓይኑ የሚፈልገው ዓሣውን ሳይሆን የዋጋውን ሰሌዳ ነው። ነገር ግን ከነባሮቹ ቤቶች በአያሌዎቹ የዓሣው ስም ብቻ ይጻፍና ዋጋው «የዕለቱ» ተብሎ ይታለፋል። ባለሙያው ከባንኮኒው ኋላ ቆሞ፥ አቼቶ የነካውን ሩዝ በመዳፉ ጨብጦ፥ ጥሬ ዓሣ ደርቦበት ሲያቀርብ፥ ተማሪው ወይም ጀማሪው ጸሐፊ ጉርሻውን በፍርሃት ይውጣል። ሂሳቡ የሚታወቀው በመጨረሻ ነውና!

የሚያስገርመው፥ ቶኪዮ ገና ኤዶ ትባል በነበረበት በ19ኛው መቶ ዓመት ሱሺ በመንገድ ዳር ቆመው የሚበሉት ምግብ ነበር።

ይህን ጭንቀት ያቀለሉት አቶ ዮሺያኪ ሺራይሺ የተባሉ የሱሺ ቤት ባለቤት ናቸው። በቢራ ፋብሪካ ጠርሙሶች በቺንጋ ተሰልፈው ሲጓዙ አይተው፥ እ.ኤ.አ. በ1958 ዓ.ም. በኦሳካ አውራጃ ሳህኖቹ በእንግዳው ፊት እየዞሩ የሚያልፉበትን ቤት ከፈቱ። እንግዳው ደስ ያለውን ያነሣል፤ በብዙዎቹ እንዲህ ባሉ ቤቶች ዋጋውን የሚናገረው የሳህኑ ቀለም ነው። አንዱ ሳህን አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ጉርሻ ይይዛል። በእጅ መብላትም ነውር የለውም፤ ከአኩሪ አተሩ ስጎ የሚነከረው ግን ዓሣው ነው፤ አለዚያ ሩዙ ይበተናል።

እርግጥ ነው፥ በቺንጋ ሲዞር የቆየ ዓሣ ከባለሙያው እጅ እንደ ተቀበሉት አይጣፍጥም። ሆኖም ባዶዎቹን ሳህኖች በፊቱ ቆልሎ፥ «አምስት ሆነ፤ አንድ ልጨምር» የሚለው ወጣት በሰላም ይበላል። ሲጨርስ አስተናጋጇ መጥታ ያንኑ ቁልል ትቆጥራለች።